ሮኬቱ እና ጳጉሜ አራት

በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቶተንሃም ውስጥ ከአንድ የምንጣፍ ሱቅ በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ የነበርነው እነዚህ ነን። የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሼ በላቸው፣ መስኮቱ አጠገብ፣ መደገፊያ ባለው ብቸኛ ወንበር ላይ። በትርጉም ሥራ የምታግዘኝ ሂሩት፣ የፋይል ሳጥኑን ተደግፋ ቆማ። ሶሊሲተሯ፣ ማለትም የሕግ ጠበቃዋ ማርጋሬት፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ወይዘሮ የሺመቤት፣ የጉዳዩ ባለቤት። ልጃቸው ሶስና፣ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር የሆናት፣ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የወረቀት መያዣ ሽቦዎችን እየቀጣጠለች ሰንሰለት የምትሠራ። እና እኔ ይርጋ፣ በማርጋሬትና በወይዘሮ የሺመቤት መካከል፣ አስተርጓሚ። ስድስት ሰዎች። ግድግዳውን ተጠግቶ ደግሞ የእኔ ኮምፒውተር ነበር፤ ያን ቀን ከስድስታችንም በላይ የታመነው እሱ ነው።

ጊዜው በፈረንጅ 1996፣ የሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። በእኛ ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የወይዘሮ የሺመቤት የአፒል ሂሪንግ፣ ይግባኛቸው የሚሰማበት ችሎት፣ ዓርብ ነበር።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ሂትሮው አካባቢ የአውሮፕላን ምግብ በሚሰናዳበት ቦታ ትሪ እደረድራለሁ። ከሰዓት በኋላ ለማኅበሩ በነፃ እተረጉማለሁ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ከላይብረሪ መጽሐፍ ነው። ኮምፒውተሩን ኪልበርን ውስጥ ካለ አሮጌ ዕቃ ቤት ገዝቼ፣ ፕሮግራም መጻፍ ብቻዬን ተማርኩ። ብዙ አላወራም ነበር። ግን አንድ ነገር ልክ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ሰው ቢጠራጠረኝ ደስ አይለኝም። ልክ መሆን ኩራቴ ነበር፤ ሌላ ኩራት አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ለቤተ ክርስቲያን የሠራሁት ነው። የየወሩ ማኅበር፣ የሚካኤል፣ የማርያም፣ የመድኃኔዓለም፣ በፈረንጅ መቼ እንደሚውል ዓመቱን ሙሉ ዘርዝሮ ያትማል። እዚህ አገር ሰው ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቀው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ዝርዝሩ ተወደደ። ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልሳተም። ስለዚህ ማኅበሩ የስደት ጠያቂዎችን ቃል መተርጎም ሲጀምርና ቀን መለወጥ ሲያስፈልገን፣ አዲስ አልጻፍኩም። ያንኑ አውጥቼ፣ መግቢያና መውጫውን ቀይሬ አመጣሁት። የሚሠራን ነገር ምን ይነካካዋል?

ጋሼ በላቸው "ይቺ ማሽን ከእኔ ይልቅ ጾም ታውቃለች" ይሉ ነበር።

ጥንቃቄም ነበረን። ማንኛውም ቀን በሁለት ሰው ቼክ ይደረጋል፤ እኔ በቢሮው ኮምፒውተር፣ ሂሩት ደግሞ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ ወረቀቱ ከቢሮ አይወጣም። አንድም ጊዜ ሳይስማሙ ቀርተው አያውቁም።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልመለስ።

የወይዘሮ የሺመቤት ታሪክ እንዲህ ነበር። ባላቸውን ወረቀት ያላሳዩ ሰዎች ከቤት ወሰዱት። እሳቸው በር ላይ ቆመዋል፣ አራስ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ከዚያ በኋላ አላዩትም። ይህን ጥገኝነት ለሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጻፍንላቸው። በሰኔ ወር የእምቢታ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ረጅም ነው፤ ግን ሁሉም የቆመው በአንድ አንቀጽ ላይ ነው። አመልካቿ ባሏ የተወሰደው ሴፕቴምበር 14 ቀን 1992 ነው ትላለች፤ በዚያ ጊዜ ሕፃን ልጇን ታቅፋ እንደነበር ትናገራለች፤ የልጇ የሆስፒታል ካርድ ግን የተወለደችው ጁን 19 ቀን 1993 መሆኑን ያሳያል። ያልተወለደ ልጅ አይታቀፍም። ስለዚህ የቀረውም ቃሏ አይታመንም።

ማርጋሬት ማክሰኞ ይዛ የመጣችው አጭር የማስተካከያ ቃል ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ይፈርሙበታል፤ ከድንጋጤና ከሐዘን የተነሣ ነገሩ እንደተደባለቀባቸው፣ ልጃቸው በቦታው እንዳልነበረች ያምናሉ።

ተረጎምኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"አልፈርምም" አሉ።

"የሺ" አሉ ጋሼ በላቸው፣ "ይህ አገር የሚያምነው ወረቀት ነው። ሰው ከባድ ነገር ሲደርስበት ይምታታበታል። ማንም አይፈርድብሽም።"

"አልተምታታብኝም ጋሼ። ደረቴ ላይ ነበረች። ጡት ስትጠባ ነው በሩን የደበደቡት። እሷን አልነበረችም ካልኩ እሱንስ አልነበረም ብል ምን ይለያል?"

ማርጋሬት ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ እኔ ዞረች።

"ይርጋ፣ አንድ ጊዜ ልጠይቅህ። ቀኑ ሲለወጥ ስህተት ሊኖር ይችላል?"

"አይችልም" አልኳት። "በሁለት ሰው፣ በሁለት ኮምፒውተር ቼክ ተደርጓል። ደብዳቤው ሲመጣም እንደገና ቼክ አድርጌዋለሁ።"

ሂሩትም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወይዘሮ የሺመቤት "ምን አልካት?" አሉኝ። ያልኩትን በአማርኛ ደገምኩላቸው። የራሴን ቃል ያስተረጎምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ረጋ ብለው አዩኝና፣

"አንተ ልጅ፣ ማሽንህ ልጅ ታቅፎ ያውቃል?" አሉኝ።

ጋሼ በላቸው ሳቃቸውን ዋጡ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

"እትዬ የሺ፣ እኔ እርስዎን ዋሹ አላልኩም" አልኩ።

"አላልክም። ግን እሷ እንደዋሸሁ ታስባለች፣ አንተም ታስባለህ። እኔ ቀኑን የማውቀው በወረቀት አይደለም። የሩፋኤል ማግስት ነው። በሩፋኤል ዕለት ዝናብ መጥቶ ሶስናን ከደጅ አውጥቼ በዝናቡ አጠብኳት። እሱ 'ብርድ ይመታታል' ብሎ ተቆጣኝ። የተናገረኝ የመጨረሻ ቁጣ ነው። ይህ ይምታታል?"

ይህንን ለማርጋሬት አልተረጎምኩላትም። መጀመሪያ ቃላቸውን ስቀበልም ነግረውኝ ነበር፤ ያኔም ወደ እንግሊዝኛው አላስገባሁትም። ሕፃን በዝናብ ማጠብ ከሕግ ጋር ምን አገናኘው ብዬ፣ ጽሑፉ አጭርና ንጹሕ እንዲሆን አወጣሁት። ለዝርዝር የምጠነቀቅ ሰው ነኝ እያልኩ።

እውነቱን ልናገር። በልቤ እንደዋሹ አምኜ ነበር። ክፉ ውሸት አይደለም፤ ታሪኩ ከባድ እንዲሆን ልጅ የጨመሩበት መስሎኝ ነበር። አዘንኩላቸው፤ ግን አላመንኳቸውም። ማዘን ማመንን እንደማይተካ ያኔ አላውቅም።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ማርጋሬት ሐሙስ ማታ እንድትደውልላት፣ ካልፈረሙ ግን ዓርብ የምትከራከርበት ነገር እንደሌላት ለሂሩት ነግራ ሄደች። ሶስና ሰንሰለቷን በእናቷ አንገት ላይ ስታጠልቅ ደረጃው ላይ አየኋቸው።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ገባሁ።

በዚያ ክረምት ያነጋገረኝ ሁሉ ስለ ሮኬት መስማቱ አይቀርም ነበር። ሂሩት ስሜን ትታ "ሮኬቱ" ብላ ነበር የምትጠራኝ። በጁን ወር መጀመሪያ አውሮፓውያን ዓመታት የደከሙበትን አዲስ ትልቅ ሮኬት ከደቡብ አሜሪካ ዳርቻ አስወነጨፉ። ሰው አልተሳፈረበትም፤ አራት የምርምር ሳተላይቶች ይዞ ነበር። አርባ ሰከንድ ሳይሞላው ከመንገዱ ታጥፎ፣ ተሰባብሮ፣ በአየር ላይ ፈነዳ። የመርማሪዎቹ ሪፖርት በሐምሌ ወጣ። በላይብረሪ አንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ሰፊ ማብራሪያ አግኝቼ ፎቶ ኮፒ አደረግኩት። እያጣጣምኩ ማንበብ ስለምወድ በእያንዳንዱ የሻይ ዕረፍት አንድ ገጽ ብቻ አነባለሁ። ረቡዕ የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ቀርተውኝ ነበር።

መኪናዎቹ ከሚጫኑበት በር ውጭ፣ በተገለበጠ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ይህ ነው። ሮኬቱ ወዴት እንዳዘነበለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚነግረው አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ነበረው። የዚያ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከቀድሞው ሮኬት እንዳለ የተወሰደ ነው። በቀድሞው ሮኬት ለዓመታት ያለ እንከን ሠርቷል። በውስጡ አንድ ክፍል አለ፤ ሮኬቱ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ብቻ የሚያስፈልግ። ለቀድሞው ሮኬት ሲባል ከተነሣ በኋላም ጥቂት ሰከንዶች እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በአዲሱ ምንም ጥቅም አልነበረውም። ግን የሚሠራን ነገር ማን ይነካዋል? ተዉት። አዲሱ ሮኬት ከቀድሞው ይልቅ ወደ ጎን በፍጥነት ይሄዳል። በዚያ አላስፈላጊ ክፍል ውስጥ አንድ ቁጥር አደገና ከተሰጠው ቦታ በላይ ሆነ። ቦታው አልበቃውም። ኮምፒውተሩ ቆመ።

እዚህ ድረስ አሳዘነኝ እንጂ አልነካኝም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ስለ መጠባበቂያው ነበር። እንዲህ ላለው ችግር ሁለተኛ ኮምፒውተር ተዘጋጅቷል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይተካዋል። ነገር ግን ሁለቱም የያዙት ያንኑ ፕሮግራም ነው። መጠባበቂያው እንዲያውም ቀድሞ ወደቀ፤ ዋናው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተከተለው፤ በዚያው ምክንያት።

ሻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ሂሩት ቤት ያለው ፕሮግራም ከየት መጣ? እኔ በፍሎፒ ቀድቼ የሰጠኋት ነው። እኔና እሷ ሁለት ሰው አልነበርንም። አንድ ሰው፣ በሁለት ጠረጴዛ ላይ።

ይህ ብቻውን ስህተት አለ ማለት አይደለም ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ከዚያ ሌላው ጥያቄ መጣ። በእኔ ፕሮግራም ውስጥ ከቦታው በላይ የሚሆን ቁጥር የትኛው ነው? ቀን ከሠላሳ አያልፍም። ዓመት ችግር የለበትም። ወር...

ወር አሥራ ሦስት ነው።

የወር ማኅበር የሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ የማርያም በሃያ አንድ፣ የመድኃኔዓለም በሃያ ሰባት ነው። አምስት ወይም ስድስት ቀን ባላት ጳጉሜ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አይውልም። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን የጻፍኩት ፕሮግራም ጳጉሜን አያውቃትም ነበር፤ ማወቅም አላስፈለገውም። ነሐሴ አልቆ ወደ መስከረም እንዲዞር አንዲት መስመር ጽፌ ነበር፦ የወሩ ቁጥር ከአሥራ ሁለት ከበለጠ አሥራ ሁለት ቀንስ። ዓመቱን የሚጨምረው ሌላ ክፍል ነው፤ እሱን ለትርጉም ሥራ ሳመጣው ቆርጬ ጥየዋለሁ። መስመሯን ግን ተውኳት። ምን ትጎዳለች?

የትሪ መለያ ካርድ ገልብጬ ጻፍኩ። እትዬ የሺ የሰጡኝ ቀን ጳጉሜ አራት፣ 1985 ነው። አሥራ ሦስት ሲቀነስ አሥራ ሁለት፣ አንድ። መስከረም አራት፣ 1985። ይህ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 14፣ 1992 ነው። እውነተኛው ጳጉሜ አራት ግን ዓመቱ ሲያልቅ ነው፤ ሴፕቴምበር 9፣ 1993። ዓመት ሊሞላ አምስት ቀን የጎደለው ልዩነት። ሶስና ያን ቀን ሁለት ወር ከሃያ ሁለት ቀኗ ነበር። ጡት ትጠባለች።

ለምን ማንም አላየውም ትሉኛላችሁ። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። በአማርኛ ብናስበው ኖሮ ምንም ችግር አልነበረም፤ በሰኔ የተወለደች ልጅ በጳጉሜ እቅፍ ናት፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ይቆጥረዋል። ግን ደብዳቤው በእንግሊዝኛ መጣ፤ እኛም ተከትለነው በእንግሊዝኛ ተከራከርን። የእንግሊዝኛው ቀን ወደ እኛ ሲመለስ ዓመቱ ሰማንያ አምስት ነው፤ ወሩም ሴፕቴምበር። ልክ መሰለን። ቃላቸውን አንብበንላቸው ነበር፤ ደንባችን ነውና። ግን ለእሳቸው ያነበብኩት ከእንግሊዝኛው አልነበረም፤ በእጄ ከጻፍኩት የአማርኛ ማስታወሻ ነበር፤ ስለሚቀለኝ። "ጳጉሜ አራት" አልኩ፣ እሳቸውም "አዎ" አሉ። ወደ ውጭ የሚላከውን ወረቀት ሳይሆን ሌላ ወረቀት ነበር የፈተንነው።

ሱፐርቫይዘሯ ዘንድ ገባሁ። መሄድ አለብኝ አልኳት።

"ሰው ሞተብህ?"

"አልሞተም። ተሳስቼ ነው።"

"እዚህ ሁሉም ይሳሳታል" አለች፣ "ግን ሺፍቱን ጨርሶ ይሄዳል።"

"እኔ የተሳሳትኩት በሰው ነው። ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።"

አየችኝ። በሩን በአገጯ አመለከተችኝ። የዚያን ሳምንት ቀሪ ሺፍቴን ለሌላ ሰው ሰጠችው፤ አልተቀየምኳትም።

ከሂትሮው እስከ ቶተንሃም በባቡር ያን ያህል እንደሚርቅ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ካርዱን ደጋግሜ አየሁት። በመካከል ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቃችሁም። ማርጋሬት ዘንድ ገብቼ "ቀኑ በትየባ ተሳስቷል" ብል በቂ ነው። ትየባ ነው ሲባል ሰው ይስቃል፣ ያልፋል። ስለ ፕሮግራሙ ከተናገርኩ ግን የተረጎምኩት ሁሉ ይመረመራል፤ የማኅበሩም ስም ይነሣል። ፎቶ ኮፒውን አውጥቼ የቀረውን ገጽ አነበብኩ። መርማሪዎቹ ያንን መስመር የጻፈውን ሰው ስም አልጠሩም። ሥራው እንዴት እንደተሠራ፣ ምን ሳይሞከር እንደቀረ አንድ ባንድ ጻፉ እንጂ። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ባቡሩ ውስጥ አሰብኩት። ለቀድሞው ሮኬት በትክክል ጽፎት ነበር። አልዋሸም። በዚያ ጠዋት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ይሆናል።

ቢሮ ስደርስ ሂሩትና ጋሼ በላቸው ነበሩ።

"ሮኬቱ፣ ምን አባረረህ?" አለች ሂሩት።

"ካርዱን አላሳይሽም" አልኳት። "እኔ ያገኘሁትን ሳታዪ ጳጉሜ አራት ሰማንያ አምስት በፈረንጅ መቼ እንደሆነ በጣትሽ ቁጠሪልኝ። ኮምፒውተር አትንኪ።"

አልቀለደችም። መስከረም አንድን ከሚቀጥለው ዓመት አነሣች፣ ወደ ኋላ ቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። "ሴፕቴምበር ዘጠኝ" አለች። "ዘጠና..." ቆመች። እንደገና ቆጠረች። "ዘጠና ሦስት። ይርጋ፣ ዘጠና ሦስት ነው።" ቁጭ አለች።

ጋሼ በላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "የእኔም የእናንተም ጭንቅላት ተበላሽቶ ይሆናል" አሉ፤ "ቆዩኝ።" ቤታቸው ሁለት ፌርማታ ነው። ሲመለሱ የታጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ የግድግዳ ካላንደር ይዘው ነበር። ከአገር ሲወጡ ሻንጣቸው ሥር ያነጠፉት ነው፤ የሰማንያ አምስት፣ አዲስ አበባ የታተመ፣ ከእኛ ቀን ጎን የፈረንጁ በትንሽ ቀይ ቁጥር ያለበት። የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ጳጉሜ አራት። ዘጠኝ። ከእኔ እጅ ያልወጣ፣ የእኔን ስህተት የማያውቅ ወረቀት።

ከዚያ ጋሼ በላቸው፣ "ትናንት እኔም 'ፈርሚ' ብያታለሁ" አሉ፤ ለራሳቸው።

ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ሂሩት አብሬህ ልምጣ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሶስና ናት። እትዬ የሺ ልብስ እያጠፉ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ፕሮግራሙን፣ መስመሯን፣ ያወጣሁትን የሩፋኤል ዝናብ ሳይቀር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አንዲት ትንሽ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጠፉ።

"ሦስት ወር ውሸታም አድርገኸኝ ከረምክ" አሉ።

"አዎ።"

"እኔ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ ታውቃለህ? ትናንት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እውነት ልጄ አልነበረችም ይሆን ብዬ አሰብኩ። ክንዴ ላይ ክብደቷን ፈለግኩት።"

ሸሚዟን ከተጣጠፉት ልብሶች ላይ አኖሩ።

"ዓርብ ለእነሱም እንዲሁ ትነግራቸዋለህ?"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ዝናቡንም?"

"ዝናቡንም።"

"እንግዲያው ተቀመጥ" አሉኝ። "ቆመህ አትሟገተኝ።"

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ሦስታችን የማኅበሩን ፋይሎች በሙሉ አወጣን። እያንዳንዱን የጳጉሜ ቀን ፈለግን። ሌሎች ሁለት አገኘን። የአንዱ ጉዳይ ገና አልታየም ነበር። የሌላው፣ ሌስተር የሚኖር ሰው፣ አፒሉ በክረምቱ መጀመሪያ ውድቅ ሆኗል። ማርጋሬት በስልክ ሁሉንም ሰማች፤ ከዚያ "ጻፈው" አለችኝ። "ሳታሳምር ጻፈው።" አራት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ሌስተሩ ሰው ስጠይቃት፣ "ዓርብ የየሺመቤት ቀን ነው፤ ካልተጠየቅክ አትናገር፤ ከተጠየቅክ አትደብቅ" አለችኝ።

ዓርብ ጳጉሜ አንድ ነበር። ምስክር ስለሆንኩ እስክጠራ ኮሪደር ላይ እንድቆይ ተነገረኝ። ለእሳቸው ያስተረጎመው ችሎቱ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ተቀመጥኩ። በሩ ወፍራም ነው፤ ምንም አይሰማም።

ስገባ እትዬ የሺ ወደ እኔ አልዞሩም። የመሥሪያ ቤቱ ወኪል ወጣት ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። "ይህንን ስህተት ያገኘኸው ሂሪንጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አይገርምም?" አለኝ።

"ይገርማል" አልኩት። "ከሦስት ወር በፊት ላገኘው ይገባ ነበር። ሴትየዋ በየጊዜው ነግረውኛል። እኔ ያመንኩት የራሴን ሥራ ነው።"

"በሁለት ሰው ተረጋግጧል ተብሎ ነበር።"

"ሁለታችንም አንድ ፕሮግራም ነበር የያዝነው። ስለዚህ አልተረጋገጠም።" የጋሼ በላቸውን ካላንደር ሰጠሁ። ዳኛው፣ ሽማግሌ ሰው፣ መነጽራቸውን ወደ ታች አድርገው ቀይዋን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ማርጋሬት የፈራችውን ጠየቁ።

"ይህ በሌላ ሰው ላይ ደርሷል?"

"ደርሷል" አልኩ። "ሁለት ሰው ላይ። አንደኛው ተፈርዶበታል።" እንግሊዝኛዬ ጠፋኝ። ዳኛው እስክረጋጋ ጠበቁኝና ጻፉ። ማርጋሬት ወረቀቷን ትመለከት ነበር።

በመጨረሻ "ይህ አሁን የተጨመረው ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ዝናቡ፣ መጀመሪያ ለምን አልነበረም?" አሉኝ።

"እኔ አውጥቼው ነው" አልኩ። "የማያስፈልግ መስሎኝ።"

ውሳኔው በፖስታ የመጣው በኅዳር ነው። አፒላቸው ተቀባይነት አገኘ። ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ጠሩኝ፤ ከእንግሊዝኛው፣ ቃል በቃል፣ ቀኖቹን ጭምር። ሲያልቅ ሶስና ጭናቸው ላይ ወጣች፤ ልጅቷ ከብዳለች፣ እሳቸው ግን አላወረዷትም። ባላቸው የት እንደደረሰ እስካሁን አልታወቀም። የሌስተሩ ሰው ጉዳይ እንደገና ተከፍቷል፤ ከዚያ ያለው የእሱ ነው፣ እኔ አልጽፈውም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ እናንተ ዘንድ ጠቢብ ሆኜ አልመጣሁም። አሁንም ትሪ እደረድራለሁ፣ አሁንም ፕሮግራም እጽፋለሁ። ግን ሰው "አይደለም፣ እንዲህ ነበር" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠራጠረው እሱን አይደለም። አስተርጓሚ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሰው ቃል ስትቀበሉ የማይረባ የመሰላችሁን ዝናብ አታውጡ። ቼክ አድርጌዋለሁ ከማለታችሁ በፊትም የምታመሳክሩበት ነገር ከማን እጅ እንደወጣ ጠይቁ።

በዚያ ሳምንት የነበራችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ከራሴ ማስታወሻ ነው። ሂሩት፣ አሁን ማንችስተር ነሽ፤ ዓርብ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ነበርና እኔ ኮሪደር ላይ ሳለሁ እትዬ የሺ ምን እንዳሉ ጻፊ። ጋሼ በላቸው፣ ማክሰኞ የተባለውን እርስዎ እንደሚያስታውሱት ይንገሩን፤ ያሳመርኩት ካለ ያርሙኝ። ማርጋሬት፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ፣ አንቺም። ከማኅበሩ ፍሎፒ ቀድታችሁ የወሰዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አሥራ ሦስት ብላችሁ ሞክሩት። እኔ የጻፍኩትን በእኔ ማስታወሻ አታመሳክሩት፤ የእናንተን አምጡ።